የሚካኤል ማግስት

«ሌባ! ሰው መስለኸኝ ነው ዘጠኝ ዓመት ያበላሁህ!»

ይህን የሰማሁት ከቆርቆሮው በር ውጭ፣ የመፍቻ ሳጥኔን አቅፌ ቆሜ ነው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። የደብረ ማርቆስን የኅዳር ጠዋት ብርድ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው እኔ ብነግረውም አያምነኝም። ድምፁ የደመላሽ ነው። ደመላሽንና እኔን ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠውን ነበር፤ በዓመቱ እሱ ወደ ስምንተኛ፣ እኔ ወደ ጋራዥ አለፍን። ዛሬ እሱ ከአማኑኤል ከተማ ጤፍ እየሰበሰበ ደጀን የሚያወርድ ነጋዴ ነው፤ እኔ ደግሞ መኪናው በታመመች ቁጥር የምጠራ አምደሚካኤል ነኝ። ሰው ፊት ለፊት አምዴ ይለኛል፤ ዞር ስል ቀጣፊው ይለኛል። አይከፋኝም። ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ቢያንስ ወሬ ይኑረው እንጂ። ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖረው ልብስ ሰፊው የኔአለም ሲመሽ «አምዴ፣ ዛሬ ምን አዲስ አለ?» ብሎ ካልጠየቀኝ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እኔም የቀኑን ቅጥፈት በግድግዳው በኩል ካላቀበልኩት አይወስደኝም።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ያቺ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ኮፈኗን ከፍታ ግቢው መሃል ቆማለች። ከጎኗ ሾፌሩ ዘመነ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የጠራውን እጅ ደግሞ ይጠርገዋል። ደመላሽ አንድ የሃይላንድ ላስቲክ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ይዟል። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ኩልል ያለ ውሃ፣ መሃላቸው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው ያገኘሁት» አለኝ። «አንተ ባለሙያ ነህ። ምንድነው ይሄ?»

የመኪናዋ ነገር ወደ አሥር ወር የቆየ ነው። አንዳንድ ቀን በግማሽ ቁልፍ ትነሳለች፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ባትሪው እስኪደክም ብትመታት ታጉረመርማለች እንጂ አትነሳም። ባትሪው አዲስ ተገዛላት። ማስነሻ ሞተሪኖዋን አውርጄ አሠርቼ መለስኩት። የሞተሩን ማሞቂያዎች አራቱንም ቀየርኩ። እኔ ስመጣ ግማሹን ጊዜ መምህሩ እንደገባበት ተማሪ ቀጥ ብላ ትነሳና እኔን አሳፍራ ትልከኛለች። አሁን ግን መልሱ በላስቲክ ውስጥ ቆሟል፤ ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ። ከየት መጣ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር።

«ይቺ መኪና ትንሽ ከታገሥናት ዓሣ ታረባለች» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሰው ሳይስቅልኝ ሲቀር ማቆም አላውቅበትም፤ በሽታዬ እሱ ነው። «ሊትሩ መቶ ብር ባለፈበት ዘመን የተቀዳውን ናፍጣ ያህል ውሃ ቢተካ ምን ይገርማል? ጠላ ሻጭስ ታደርገው የለ!»

«ሰማህ?» አለ ደመላሽ ወደ ዘመነ ዞሮ። «ባለሙያው ነው የተናገረው።»

ዘመነ እሱን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ። የተናገርኩትን እንድመልሰው የጠበቀኝ መሰለኝ፤ ጊዜም ሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ የመኪናዋ ክንፍ ላይ አስቀመጠው። «እትዬን ደህና ይዋሉ በልልኝ» አለኝና ወጣ፤ የደመላሽን እናት ማለቱ ነው። በአጥሩ ላይ ሁለት ሦስት የጎረቤት ራስ ብቅ ብሎ ነበር፤ እነሱም ገቡ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ናፍጣ ይሰርቃል የተባለ ሾፌር ብስክሌት እንኳን የሚያምነው አያገኝም። ይህንን አውቃለሁ። እያወቅሁ የመፍቻ ሳጥኔን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ።

የዚያን ግቢ ነገር ላስረዳ። ፊት ለፊት ደመላሽ ያሠራው የብሎኬት ቤት አለ፤ መስኮቱ ሰማያዊ መስታወት ነው። ከጀርባው እናቱ እትዬ የብርጓል የሚኖሩበት የድሮው የጭቃ ቤት አለ። መሃላቸው አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ጠብ የለባቸውም። ጠብ ቢኖርማ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቁ ነበር። ዝም ብቻ ነው ያሉት፤ መቼ እንደጀመሩት ለሁለቱም ጠፍቷቸዋል። የሚነጋገሩት በዘመነ ነበር። «ዘመነ፣ የእማ መድኃኒት አልቆ እንደሆነ ጠይቃት።» «ዘመነ፣ ይሄን ልጅ ሹራብ ልበስ በልልኝ፣ ሳል ይዞታል።» ሳሉ እናትየው ቤት ድረስ ይሰማል፣ መልሱ ግን በዘመነ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥርም ዘመነ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጭቃው ቤት ነው፤ እዚያ ባለች ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓባይ በረሃ እንዴት እንደዋለ፣ አማኑኤል ላይ ማን እንደሞተ፣ ሰሊጥ ስንት እንደገባ ይነግራቸዋል።

መኪናዋ ሥር ገባሁ። ከታንከሩ ግርጌ ያለችውን ቡሎን ፈትቼ የነበረውን ሁሉ በሳፋ ተቀበልኩት። እስኪረጋ ፊልትሮውን አውርጄ አጠብኩ። ናፍጣው ከላይ ተንሳፈፈ፤ እሱን በጨርቅ እያጠለልኩ ወደ ጄሪካን መለስኩ። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ሊትር ይሆናል። የሚገርመው ጥራቱ ነው። ሌባ ሾፌር የቧንቧ ውሃ፣ ሲቸኩልም የኩሬ ውሃ ነው የሚሞላው፤ ይህ ግን የምንጭ ውሃ ይመስላል። መገረሙን ትቼ ሳፋውን አንስቼ ወደ በሩ፣ መተላለፊያው ላይ ልደፋው ስል እትዬ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ።

«አንተ ልጅ! እዚያ ላይ እንዳትደፋው! እግር ይረግጠዋል!»

ሳፋው አየር ላይ ቀረ። «ቆሻሻ ውሃ ነው እኮ እትዬ። ከመኪናዋ ሆድ የወጣ ነው።»

«ከየት እንደወጣ ጠፋኝና ነው?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ገባኝ ስል ቀስ ብሎ አይደለም፤ አሥሩ ወር በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ሳፋውን መሬት ሳይሆን የመኪናዋ ጭነት ቦታ ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ውሃውን ጎንበስ ብለው አዩት፤ ልጃቸውን ሐኪም ቤት ያስተኙ ይመስል።

«ሁሉንም አስወጣኸው?»

«እትዬ፣ ጠበል ነው?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ወንበሩ ላይ ስረጭላት ልጄ ይበሰብሳል ብሎ በዘመነ በኩል ተቆጣ። ሞተሩ ላይ ስረጭ ይዝጋል አለ። እኔም ይቺን በጎኗ ያለች አፏን አገኘኋት። ሰውስ ቢሆን ተረጭቶ ብቻ ይድናል? ይጠጣል እንጂ።»

ሳቄ መጥቶ ደረቴ ላይ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀጥፍ ይህን የመሰለ አላገኘሁም፣ ይኸው ጥሬውን እውነት ሆኖ መጣልኝ። «በየስንት ጊዜው ነው የሚያጠጧት?» አልኩ።

«በወር በአሥራ ሁለትና በሃያ አንድ። ግማሽ ግማሽ ሃይላንድ። ዓመታዊው ሲሆን ሙሉ ነው፤ ትናንት ሙሉ ነው የሰጠኋት። የአባቱን መኪና ዓባይ በረሃ በላው። ያቺኛዋ ጠጥታ አታውቅም ነበር።»

ደመላሽ የጠራኝን ቀናት በልቤ ቆጠርኳቸው። አሥራ ሦስት። ሃያ ሁለት። አሥራ ሦስት። ባትሪ የቀየርኩት የማርያም ማግስት ነው። ሞተሪኖውን ያወረድኩት የሚካኤል ማግስት ነው። ሙያተኛ ተብዬ የመኪናን ሕመም በሽቦ ስፈልግ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ይነግረኝ ነበር።

«ዘመነስ?» አሉ። «ቁርሱን አስቀምጬለት ሳይበላ የት ሄደ?»

ነገርኳቸው። ዓሣውንና ጠላ ሻጯን ዘልዬ ሌላውን ነገርኳቸው። እትዬ የብርጓል የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ አሉና የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይቆጥሩት ጀመር። ከጎረቤት የእህል ወፍጮ ድምፅ ይመጣል። ፀሐይዋ ከብሎኬቱ ቤት ጣሪያ አልፋ እግራቸው ላይ እስክትደርስ ቆጠሩ።

«ለልጄ አትንገርብኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከነገርከው በዘመነ በኩል ደህና አደርሽ የሚለኝ እንኳ ይቀራል።» ወዲያው የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ። ዘመነ እንደሆነ የለም። ተነስተው በእርጥብ ጨርቅ ውሃውን እያጠለሉ ወደ ባዶ ሃይላንድ ገለበጡት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም።

እኔ የታንከሩን ቡሎን አጥብቄ፣ ፊልትሮውን መልሼ፣ ከናፍጣው ከፊሉን ገልብጬ አየሩን በእጅ ፓምፕ ማስወጣት ጀመርኩ፤ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስጭነው የዘመነ ዓይን ይመጣብኛል። አቋርጬ እጄን በሳሙና ታጥቤ ወደ ብሎኬቱ ቤት ገባሁ። ያ ሳሎን አሥራ ስድስት ሰው ያስቀምጣል፤ ሶፋዎቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። ደመላሽ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፓስታ ይበላል፤ ቴሌቪዥኑ ሰው እንዳለበት ቤት ይጮኻል። መጀመሪያ እትዬን ላድናቸው አሰብኩ።

«ታንከሩ አልቦት ነው» አልኩት። «በዚህ ብርድ ግማሽ ጎዶሎ ታንከር ሌሊት ሌሊት ያልባል፤ ላቡ ውሃ ይሆናል። ዘመነ አልነካውም።» ይህ ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ታንከር ያልባል። ግን ሊትር ሙሉ ለማላብ ሌሊቱን ሲያርስ ማደር አለበት።

ደመላሽ ሹካውን አስቀመጠ። «አምዴ፣ አንተ ከሞጣ ስትመጣ ጎማ ፈንድቶብህ ድርቆሽ ሞልተህበት፣ ሦስት በሬ ጎማህን እየበላ ከተማ ድረስ የተከተለህ ሰው አይደለህም?»

«አራት ናቸው» አልኩ፤ ልማድ ነው።

«እንግዲያው ጠዋት እውነቱን ተናግረሃል፣ አሁን ለጓደኛህ አዝነህ ነው የመጣኸው። ተወው።»

ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ እውነቱን አፈረጥኩት። ሚካኤልንም፣ ማርያምንም፣ ሃይላንዱንም፣ «ይጠጣል እንጂ» ያሉትንም። ደመላሽ ፓስታው እስኪያንቀው ሳቀ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንባውን እየጠረገ «ይሄኛውስ ከበሬዎቹም ይበልጣል» አለ። «መኪና ጠበል ጠጣች! ለየኔአለም ንገረው፣ ይሞታል በሳቅ።»

«እውነቱን ነው።»

እትዬ የብርጓል በሩ ላይ ቆመዋል። ቤቱ ከተመረቀበት ቀን ወዲህ እዚያ ሳሎን ረግጠው አያውቁም ይባላል፤ አሁንም ጫማቸውን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አውልቀው አልገቡም፣ እዚያው ቆሙ። «እኔ ነኝ ያጠጣኋት» አሉ።

ደመላሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ያ ጩኸት ሲቆም ቤቱ ምን ያህል ባዶ እንደነበረ ታወቀ።

«እማ… ለምን?»

«እንድትመልስልኝ።» ማንን እንደሆነ አልተናገሩም። «አሁን ዘመነን አምጣልኝ።»

ደመላሽ ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። እኔ ለዘመነ አከራይ ደወልኩ፤ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ፣ የቤቱን ቁልፍ መልሶ፣ ደጀን እህቱ ጋ ነው የምሄደው ብሎ ወደ መናኸሪያ ወጥቷል አለችኝ። ጄሪካኑ ውስጥ የቀረውን ናፍጣ በጥድፊያ ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩና ቁልፉን መታሁት። በግማሽ ቁልፍ ተነሳች። ጋቢናው ውስጥ እትዬ የብርጓል መሃል ተቀመጡ፤ ልጃቸው በስተቀኝ። የሁለቱ ትከሻ ተነካክቷል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ነው። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ መናኸሪያ አንድ ቃል አልወጣም። እኔም ብሆን ከዚህ በፊት ይህን ያህል መንገድ ዝም ብዬ ሄጄ አላውቅም።

መናኸሪያው በር ላይ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ጠፋች። ወዲያው አወቅሁት፤ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በግማሽ አጥብቄ ትቻት ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ የደጀን ቅጥቅጥ አውቶብስ ሊወጣ ፊት ለፊታችን ደረሰ። መውጫውን ዘግተንበታል። ጥሩምባውን አስጮኸው፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የእኔን እናት በስድብ አነሳ። ቁልፉን ስመታ፣ ስመታ፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የአውቶብሱ በር ተከፈተና ዘመነ ወረደ።

ወደ ማንም አላየም። ኮፈኑን ከፈተና እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «አሥር ቁጥር» አለ። ወርጄ መፍቻውን ሰጠሁት። ቡሎኗን ላላ አደረጋት፣ የእጅ ፓምፑን ተጫነ፣ አረፋው እስኪያልቅና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ በትዕግሥት ጠበቀ፣ አጠበቃት። የአውቶብሱ ጥሩምባ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ እሱ ግን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነው። «ምታ» አለኝ። ተመልሼ ገብቼ መታሁት። ተነሳች።

እትዬ የብርጓል በእኔ በኩል ባለው መስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ዘመነ ልጄ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ጀምሮ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከሥሯ እቀዳው ነበር። በጊዜ ስነቃ ትነሳለች፣ ሌላ ቦታ አድሬ እንደሆነ አትነሳም። ዛሬ ገና ስጀምር ነው ደመላሽ የመጣብኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

ዘመነ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ማታ ስገባ "ዛሬም መለሰቻችሁ" ይሉኝ ነበር። ያንን እንዴት ብዬ ልቀማዎት?»

ደመላሽ በወዲያኛው በር ወርዶ በኮፈኑ ዞሮ መጣ። አጠገቡ ቆመ። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል አንገቱ ላይ ወጥታ ስትወርድ አይቻታለሁ። «ና፣ ግባና እንሂድ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጠዋት ሌባ ስትለኝ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ነበር» አለ ዘመነ። «አሁን ስትጠራኝ ግን እኔም በደንብ አልሰማሁህም።»

ሊሄድ ሲል እኔ ጋ ቆም አለ። «ጠዋት ነገሩን አውቀኸው ነበር?»

«አላወቅሁትም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርክ?»

ጠበቀኝ፤ እንደ ጠዋቱ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአሥራ ሦስትና በሃያ ሁለት» አለኝ። «ጎህ ሳይቀድ፣ የታንከሯን ቡሎን ግማሽ ዙር ብቻ ነው የምትፈታት።»

«ከእንግዲህማ ይተዋሉ።»

«አይተዉም። የሚወርደውን ማርቆስ አጥር ጥግ ካለችው ጽድ ሥር ድፋው፤ እዚያ እግር አይደርስም።» የእትዬ የብርጓልን እጅ በመስኮት ሳመና አውቶብሱ ላይ ወጣ። መኪናዋን ወደ ጎን አነሳሁለት። ረዳቱ «ደጀን! ደጀን! የሞላ ነው!» እያለ አውቶብሱ አለፈን።

ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። እትዬ የብርጓል ወርደው በግቢው መሃል ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ደመላሽ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ አፉን ከፈተ። «ዘመነ፣ እማን እራት…» አለና ቆመ። ዙሪያውን ተመለከተ። ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔ ጫማዬን አየሁ። እትዬም ቆመው ነበር፤ ሳይዞሩ፣ የሚመጣውን ቃል እየጠበቁ። ሰባት እርምጃ ቀርቷቸዋል። የመፍቻ ሳጥኔን፣ የደመላሽንና እትዬ የሞሉትን ሁለት ሃይላንድ አንስቼ ወጣሁ፤ ቆሜ ባየው ኖሮ ጨርሼ ልነግራችሁ እችል ነበር።

በማርቆስ አጥር በኩል ዞርኩ። ጽዷ ጥግ ላይ አለች፤ በአንድ ወገኗ ከደረቀች ሰንብታለች። መብረቅ ነው የሚል ነበር። እኔ ራሴ አንድ መነኩሴ ከዲማ ገዳም መጥቶ ረግሟት ነው ብዬ ከተማውን ሦስት ሳምንት አስወርቻለሁ። ሥሯ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሁለቱንም ሃይላንድ በደረቀው በኩል ቀስ ብዬ ደፋሁ።

ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ባዶ የዘይት ጄሪካን። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

«አምዴ፣ ዛሬ ምን አዲስ አለ?» አለ የኔአለም።

ላስቲኮቹን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምንም» አልኩት።

ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋ ሰማሁት።

«እሺ» አለ፣ «ከዚያስ?»